ለሙከራ የተቀዳው ድምፅ

ማናህሎሽ ጁባ ወዳለው ንያኩሮን የባህል ማዕከል የምትሄደው ለምግቡ እንደሆነ ለሁሉም ተናግራለች። ለአክስቷ ተናግራለች፣ ለባሏ ተናግራለች፣ ማንም ሳይጠይቃት ለሆቴሉ ዘበኛ ሳይቀር ተናግራለች። ዘበኛው ግራ ገብቶት "ይቅናሽ" ብሎ አሰናበታት።

እርግጥ ምግቡ ውሸት አልነበረም። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጁባ ዘፈን ቀጂውን ዋኒን ታከብራለች፤ ለእንግዶቹ ምግብ እንዲያቀርብ የታዘዘው ደግሞ ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለው የአክስቷ የእትዬ አስረሳሽ ሆቴል ነው። እትዬ አስረሳሽ ጉልበታቸውን ታመው አልጋ ላይ ናቸው። ማናህሎሽ ከባሏ ከኃይለመለኮት ጋር ከአዲስ አበባ የመጣችው እሳቸውን ልትጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ "እኔን መጠየቁ ይደርሳል፤ ሂጂና ወጡ እንዳይበላሽብኝ ቆመሽ አሳልፊልኝ" አሏት። የማን በዓል እንደሆነ እያወቁ ነው። ፊቷ ሲለዋወጥ አይተው፣ "አሁን እኮ የሰው ሚስት ነሽ፤ ምን እንዳትሆኚ ነው?" ብለው ጨመሩበት።

ምን እንዳትሆን? እሷም ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ከዋኒ ፍቅር ፈልጋ አልነበረም የምትሄደው፤ ያ አልፏል፣ በቤተ ክርስቲያን ተቆልፏል። ይቅርታ እንዲላትም አልነበረም። ባለፈው ዓመት ሐፍረቷን ውጣ "ልቅር ወይስ ልሂድ?" ብላ ስትጠይቀው፣ ለምን እየሳቀ እንዳሰናበታት ማወቅ ብቻ ፈለገች። ይህን አንድ ነገር ካወቀች ከኃይለመለኮት ጋር እንደ ሰው ትኖራለች። ካላወቀች ግን ደጉ ባሏ የሚያቅፈው ግማሿን ነው፤ ሌላው ግማሿ እዚሁ ጁባ፣ ያ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ መልስ እየጠበቀ ነው።

መኪናው ውስጥ ኃይለመለኮት እጇን ያዝ አድርጎ፣ "በርዶሻል" አላት። ውጭው እሳት ነበር። እሷም "አየር ማቀዝቀዣው ነው" አለችው፤ ምንም ሳያጠራጥረው እጁን ዘርግቶ ዘጋው። ያ ማመኑ ከምንም በላይ አሳፈራት።

*

ዋኒ ማን እንደሆነ ላልሰማ ሰው ባጭሩ እንንገረው።

የጁባ ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ገና በልጅነቱ ተሰዶ አዲስ አበባ አደገ፤ አማርኛው የመርካቶ ልጅ አማርኛ ነው። ሰላም ሲወርድ አንድ ቴፕና አንድ ጆንያ ካሴት ተሸክሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጥላ ዘርግቶ ላፕቶፕ ታቅፎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የዚያ ገበያ ልጆች በሰው ስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚሞሉት የውጭ አገር ዘፈን ብቻ ነበር። እሱ ግን የወታደሩን፣ የከብት ጠባቂውን፣ የሙሽሮቹንና የቤተ ክርስቲያን መዘምራኑን ዜማ ከካሴት እየገለበጠ ይሞላላቸው ጀመር። ሳቁበት። ቆይቶ ደግሞ የባሰውን አደረገ፤ ኢንተርኔት በሌለበት መንደር ያለች አሮጊት አጭር ቁጥር ደውላ በራሷ ቋንቋ ዘፈን የምትሰማበትን ዘዴ ፈጠረ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀበትም። ዛሬ ጁባ ውስጥ ታውቄያለሁ የሚል ድምፃዊ ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው።

ስቱዲዮው ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ግድግዳቸው በእንቁላል መያዣ ካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተለብጧል። በመሀላቸው መስታወት አለ። ማናህሎሽ ጁባ አክስቷ ዘንድ ስትኖር መጀመሪያ ወደዚያ የገባችው ከሆቴላቸው ምሳ አድርሳ ልትመለስ ነበር። ዋኒ ቀና ብሎ አያትና፣ "አንቺ ልጅ፣ ማይክ ልሞክር ነውና እዚያ ገብተሽ አንድ ነገር በዪልኝ" አላት። መስታወቱ ማዶ ገብታ ማይክ ፊት ስትቆም የምትለው ጠፋት። የምታውቀውን አለች፤ የሆቴሉን ሜኑ። "ሽሮ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ፍርፍር..." ዋኒ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ፣ አረንጓዴዋ መስመር የሚፈልገው ድረስ ስትወጣለት አውራ ጣቱን አነሳላት። በእነሱ ሥራ ምልክቱ ድምፅሽ ገብቷል፣ ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ ማለት ነው።

እንግዲህ ፍቅራቸው የተጀመረው በሽሮና በጥብስ ነው፤ ሌላ የሚያምር መግቢያ ቢኖረው እንዴት ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምሳው የሚያልቀው ቶሎ፣ እሷ የምትመለሰው ግን አምሽታ ሆነ። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር መሞከሪያው የእሷ ድምፅ ነው። እሷን ሲያይ ፊቱ ይፈታል፤ እሷም እሱ ፊት ስትሆን እጇን የምታደርግበት ታጣለች። ስለ ፍቅር ግን ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እትዬ አስረሳሽ ግን ያልተነገረውን ነገር ቀድመው ሰሙ። "ለአዝማሪ? ያውም ለሰው አገር አዝማሪ? ሃይማኖቱ ሌላ፣ ዕድሜው የትየለሌ! አባትሽ ከመቃብር ተነሥቶ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?" ብለው አዲስ አበባ ደወሉ። ባል ተገኘ። ኃይለመለኮት፤ በአንድ የጭነት አየር መንገድ የሚሠራ፣ ሥርዓት ያለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ሽማግሌ የሚላክበት እሑድም ተቆረጠ።

ማናህሎሽ ጭንቅ ውስጥ ገባች። ያን ሰሞን ዋኒ ተለውጦባት ነበር። ስታወራው "እ" ብሎ ይስቃል እንጂ መልስ አይሰጣትም። ስትጠራው ጀርባውን እንደሰጣት ይቀራል። ሰልችቼዋለሁ አለች በሆዷ። እንዲያም ሆኖ እሑድ ከመድረሱ በፊት በጠራራ ፀሐይ ጁባ ና ባሪ ሄደች። ዋኒ አዲስ ማይክ ከካርቶን እያወጣ ነበር። "እንኳን መጣሽ! ቶሎ ግቢና በዪልኝ" አላት እንደ ልማዱ።

ፊት ለፊት ብትሆን አፏ አይከፈትም ነበር። መስታወቱ ግን ደፋር አደረጋት። ማይኩን ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

"ዋኒ፣ እሑድ ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው። እኔ አንተን ነው የምወደው። እምቢ በዪ ካልከኝ እምቢ እላለሁ፤ ከአክስቴም ከወገኔም ጋር እጣላለሁ፣ ግድ የለኝም። ልቅር? ወይስ ይቅርብሽ፣ ሂጂ ነው የምትለኝ? ንገረኝ... ልሂድ?"

መጨረሻው ላይ ለቅሶ ተናነቃት። ቀና ስትል ዋኒ መስታወቱ ማዶ ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አንሥቶ ነበር። ስትፈዝበት ጊዜ ያላየችው መስሎት እንደገና ከፍ አደረገላት።

በጓሮው በር ወጥታ ሮጠች። ገና ከመንገዱ ሳትደርስ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፤ "ምነው ሳትነግሪኝ ሄድሽ? ድምፅሽ እንዲህ አምሮ አያውቅም።" አሾፈብኝ አለች። ቁጥሩን ዘጋችው። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ እሺ አለች። ሠርጉ በቁርባን ይሁን ያለችውም ራሷ ናት። የማይፈታ ነገር ፈለገች፤ ዞራ እንዳታይ። ሰው በንዴቱ ራሱን እንዲህ አድርጎ ሲያስር ይገርማል፤ ያሰራት ንዴቷ ግን ሳምንት እንኳ አልቆየላትም።

*

አዳራሹ ጢም ብሏል። ባለሥልጣኑ ከፊት፣ ድምፃውያኑ ከመሀል፣ መዘምራኑ ነጭ በነጭ ለብሰው በግራ በኩል ተቀምጠዋል። ማናህሎሽ ትሪዎቹን አሰልፋ፣ አስተናጋጆቹን ቦታ ቦታ አስይዛ፣ ከኃይለመለኮት ጋር በጎን በር አጠገብ ቆመች።

ዋኒ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር። ከስቷል። ጺሙን ሽበት ጀምሮታል። ሰው ሊጨብጠው በመጣ ቁጥር የሰውየውን ፊት ትኩር ብሎ ያያል፤ ድሮ እንዲህ አያይም ነበር። ዞር ሲል አያት። ከወንበሩ ግማሽ ያህል ብድግ አለና ከጎኗ የቆመውን ሰው ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። ማናህሎሽ ፊቷን ወደ ትሪዎቹ መለሰች።

"ሰውየው እሳቸው ናቸው?" አላት ኃይለመለኮት።

"ናቸው።"

"ደግ ፊት አላቸው" አለ።

ሽልማቱ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሁለት ቃል እንዲናገር ወደ መድረክ ጋበዙት። ዋኒ ማይኩን ይዞ በጁባ አረብኛ ጀመረ፤ እንግሊዝኛ ጨመረበት፤ ወደ ጎን በሩ አየት ሲያደርግ ደግሞ አማርኛም ጣል አደረገ።

"ብዙ ሰው፣ ዋኒ ይህን ያህል ዓመት ያንን ሁሉ ድምፅ ስትለቅም ምን አተረፍክ ይለኛል" አለ። "አንድ ቀን አንዲት እናት ከሩቅ መንደር ወደ ቁጥራችን ደወለች። ወታደር የነበረ ልጇ ሞቶባታል። እኔ ልጁን ካምፕ ውስጥ ሲዘፍን ቀድቼው ነበር። ሰማችው። እስክትጠግብ ሰማችው። አንዲት ድምፅ ሳላጠፋ ይኸው እዚህ ደርሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን..."

በስሜት ወደፊት ራመድ ሲል ከትልቁ ስፒከር ፊት ቆመ። ማይኩና ስፒከሩ ተገናኙና ጆሮ የሚበሳ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን በእጁ ያዘ። ሕፃናት አለቀሱ። ኃይለመለኮት ጥርሱን ነክሶ አቀረቀረ። ከመዘምራኑ አንዲቷ ወንበር ስር ልትገባ ምንም አልቀራት።

ዋኒ ንግግሩን ቀጠለ።

በዚያ ጩኸት መሀል ፈገግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሰዉን እጅ ጆሮ ላይ ሲያይ ነው ቃሉ የተቆረጠው። ግራ ገብቶት አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አየ። የድምፅ ሠራተኛው ከታች እየዘለለ በእጁ ወደ ኋላ በል ወደ ኋላ በል ሲለው፣ ያን ጊዜ ተረዳና ከስፒከሩ ራቀ። "መሌሽ፣ መሌሽ" ብሎ እየሳቀ በአረብኛ ይቅርታ ጠየቀ። ሰዉም ሳቀ፣ አጨበጨበለት። የሸመገለ ሰው ተደናገረ ብለው ተዉት።

ማናህሎሽ ግን አልሳቀችም። ይህ ሰው ከሁለት ክፍል ወዲያ ያለ ፍሪጅ እምም አለ ብሎ ዘፈን ያስቆም የነበረ ሰው ነው። ዝንብ ገብታለች ብሎ መዘምራን በሙሉ ያስወጣ ነበር። ያ ሁሉ "እ" እያለ መሳቁ፣ ያ ሁሉ ጀርባ መስጠቱ፣ ያ ፊት ላይ ማፍጠጡ ባንዴ ተገጣጠመላት። ከዚያ መስታወቱ መጣባት። አውራ ጣቱ መጣባት። ግድግዳውን ተደገፈች።

"ምነው? አመመሽ እንዴ?" አላት ኃይለመለኮት ክንዷን ይዞ።

"ወጡን ልየው" አለች። ወጡ ከኋላዋ ነበር፤ እሷ ግን በሩን ከፍታ ወጣች። እውነቱን የምትሻበት ልብ ጨርሶ ጠፍቷት፣ ባላወቅሁት ኖሮ እያለች ነው የወጣችው።

*

መዘምራኑ መዘመር ሲጀምሩ ዋኒ አየር ሊቀበል በኋላ በር ወጣ። የድምፅ ዕቃ የሚወርድበት ጀርባው በኩል አንድ የኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ባዶ የስፒከር ሣጥኖች ተደርድረዋል። ማናህሎሽ ከኋላው ደረሰችበት።

"ዋኒ!" አለች።

መሀረብ አውጥቶ ላቡን ጠረገ።

"ዋኒ!" አለች ደግማ፤ አሁን ጮኻ ነው። ከዛፉ ላይ ወፍ ተነሣ። እሱ አልዞረም።

ሄዳ ፊቱ ቆመች። ክው አለ፤ ከዚያ ፊቱ በሙሉ ፈካ። "ማና! ኢታ ኩዌስ? ደህና ነሽ? መጣሽ?" አላት፤ ድምፁ ለሁለት ሰው ወሬ ከሚያስፈልገው በላይ ጎላ ብሏል።

"ጆሮህ" አለችው፣ ጆሮዋን በጣቷ እየነካች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። መጀመሪያ ያየው በሩን ነው። "ሌላ ሰው ነቃብኝ?"

"የነቃ የለም። እኔ ነኝ።"

ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። "ሁለት ዓመት አልፎኛል" አላት። "ግራው ቀደመ፣ ቀኙ ተከተለ። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ዘመን ስፒከር ስር ቆመህ ምን ጠብቀህ ነበር አለኝ። ለማን ልንገር? ደንቆሮ ዘፈን ይቀዳል ቢባል ማን ይመጣልኛል? በዓይኔ ነው የምሠራው፤ መስመሩን አያለሁ፣ ድምፁ ጥሩ ይሁን መጥፎ አውቃለሁ። የሰው ወሬ ደግሞ ከከንፈር እለቅማለሁ። አረብኛ ይቀለኛል፤ አማርኛ ነው የሚያስቸግረኝ። ለዚህ ነው ካንቺ ጋር ስሆን አፌ የሚያያዘው። አንድ ቀን ተሳስቼ እንዳትነቂብኝ ስፈራ..."

"ያን ቀን" አለችው፤ ቃሉ እንዳያመልጠው ቀስ ብላ። "አዲሱን ማይክ የሞከርክ ቀን። ምን እንዳልኩህ አልሰማህም?"

ሳቀ። ደስ ብሎት ነው የሳቀው። "ሽሮ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ፍርፍር። ሌላ ምን ታውቂያለሽ አንቺ?"

ማናህሎሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

"እሱ ቅጂ እኮ አለኝ" አላት። "ከቀዳሁት ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም። ስትናፍቂኝ እከፍተውና እጄን ስፒከሩ ላይ አሳርፋለሁ። ድምፁ ሲወጣ ይመታል፤ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። መጀመሪያው ዝግ ያለ ነው። መጨረሻው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣል። እዚያ ጋ ስትደርሺ የሳቅሽ ይመስለኛል። እኔም አብሬሽ እስቃለሁ።"

እዚያ ጋ ነበር ያለቀሰችው። ይህ ሰው ዓመት ሙሉ ለቅሶዋን በመዳፉ ይዞ፣ ሳቅ መስሎት ሲጽናና ኖሯል።

"ሰማሁ፣ አገባሽ" አለ እሱ ቀጥሎ፣ ዓይኑን ሰብሮ። "ጥሩ ሰው ይመስላል። እኔም... ይኸውልሽ፣ አሁን ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ልላክ ብዬ ከአጎቴ ጋር ተማክሬ ነበር። ቀኙ ጆሮዬም ሲሄድ አፈርኩ። ምን ይዤ ልጠይቃት አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ቁጥርሽ ተዘጋብኝ።" ቀና አለ። "ተይው እሱን። ይልቅ ንገሪኝ። ማንንም አላሰማሁትም፤ የእኔ ብቻ ነው። ምንድን ነው ያልሽው?"

ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ቆመ።

ምን ትበለው? ብትነግረው የቀረችውን አንዲት መጽናኛ ከእጁ መንጠቋ ነው። ባትነግረው ደግሞ የራሷ ሆድ ይፈነዳል። ጀርባዋን ሰጠችው። ፊቷን ወደ ዛፉ አዙራ፣ እሱ እንደማይሰማት እያወቀች ድምፅዋን አውጥታ ሁሉንም አለችው። "ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው ነበር ያልኩህ። አንተን ነው የምወደው ብዬህ ነበር። ልቅር ወይስ ልሂድ ብዬ ለመንኩህ፣ አንተ ሂጂ ያልከኝ መሰለኝ፣ በንዴት ሄጄ ቆረብኩ፣ ዋኒ፣ አሁንም አንተን ነው የምወደው..." የዛፉን ልጥ በጥፍሯ ያዘች። ሲበቃት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ዞረች።

"ሽሮ ነው ያልኩህ" አለች ከንፈሯን በደንብ እየከፈተች። "ሽሮና ጥብስ።"

ዋኒ ግን እሷን አላየም። ከትከሻዋ በላይ ነበር የሚያየው።

ኃይለመለኮት የአዳራሹ ጥግ ጋ ቆሟል። አሟት እንደሆነ ብሎ ውሃ ይዞላት መጥቶ ነበር። የውሃው ጠርሙስ እጁ ላይ ሳይከፈት አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከየት ጀምሮ እንደሰማ መጠየቅ አላስፈለገም።

"ኃይሌ..." አለች ማናህሎሽ።

አልጮኸም። እንደ ልማዱ ዝግ ብሎ ነው የተናገረው። "ይህን ሁሉ የሰማሁት እኔ ነኝ ማናዬ። እሳቸው አልሰሙሽም።"

"ኃይሌ፣ በፈጠረህ..."

"ንገሪያቸው" አላት። "የእኔ አይደለም፤ የእሳቸው ነው። እኔ ብቻዬን ተሸክሜው ቤት ልገባ አልችልም።"

ዋኒ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየ ከሣጥኑ ተነሣ። "ፊ ሱኑ? ምን ሆናችሁ?" አለ።

ማናህሎሽ ባሏን አየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረላት፤ እስከ ዛሬ ከሰጣት ነገር ሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ከዚያ ዋኒ ፊት ቆመችና ቃል በቃል፣ እያቆመች፣ ስትሳሳት እየደገመች ነገረችው። መሀል ላይ "አልያዝኩትም፣ ድገሚው" አላት። ደገመችው። አንዱን ቃል ብዙ ጊዜ መድገም ነበረባት፤ እወድሃለሁ የሚለውን ነው ያልያዘላት፤ ወይም አላምን ብሎ ነው።

ስትጨርስ ዋኒ የሣጥኑን ጠርዝ ያዘ።

"እኔስ?" አለ በመጨረሻ። ድምፁ አሁን ከጆሮ የማይደርስ ሆኗል። "እኔ ምን አልኩሽ?"

ማናህሎሽ አውራ ጣቱን አየች። እሱም ዓይኗን ተከተለ። የገዛ እጁን የሰው እጅ ይመስል አየውና ከኋላው ደበቀው።

"ቅሪ ነው የምልሽ የነበረው" አለ። "በአረብኛም፣ በአማርኛም፣ በአገሬ በባሪ ቋንቋም። ቅሪ ነበር የምልሽ፣ ማና።"

የኃይለመለኮት ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ማናህሎሽ በዓይኗ ጥግ አየችው። ወደ አንዱ ብትሄድ ሌላውን መግደሏ ነው። ወደየትም አልሄደችም።

ያን ጊዜ መዘምራኑ ጨረሱ። ከአዳራሹ የመድረክ መሪው ድምፅ በማይክ መጣ፤ ሽልማቱ ደርሷል። "ዋኒ!" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። "ዋኒ! ዋኒ ወዴት ነህ?" እልልታ ተከተለ፤ ሰዉ ሁሉ ባንድ አፍ ስሙን እየጠራ እግሩን ወለሉ ላይ ይመታ ጀመር። ጁባ እንዲህ አድርጋ የጠራችው ሰው በማናህሎሽ ዕድሜ አልነበረም።

ማናህሎሽ ሰማች። ኃይለመለኮትም ሰማ። እየጠሩህ ነው፣ ሂድ ብሎ የሚነግረው አንደበት ግን ከሁለቱም ጠፋ። ዋኒ ስሙ እየተጠራ፣ ገና የቀራት ነገር ያለ መስሎት ከንፈሯን እያየ ቆመ። እሷ ግን የቀራት ነገር አልነበረም።